ዶሮዋ እህል እምቢ ስትል

ዶሮ ሕመሟን ደባቂ ናት። መታመሟን የምናውቀው ብዙውን ጊዜ ከጠናባት በኋላ ነው። ስለዚህ ግቢያችሁ ውስጥ ሦስትም አምስትም ዶሮ ያላችሁ ወላጆችና አያቶች፣ ጠዋት ጥሬ ስትበትኑ የትኛዋ እንዳልመጣች ልብ በሉ።

በእኛ ቤት የቀረችው ገብስማዋ ነበረች። ላባዋን ነፍታ፣ አንገቷን ሰብስባ ጥግ ይዛ ቆመች። እንቁላሏ የትንሹ ልጄ ቁርስ ነው፤ የዘጠኝ ዓመቷ እህቱ ደግሞ ከጫጩትነቷ ጀምሮ ያሳደገቻት ናት። እናቴ አየት አደረገቻትና “በክት ሳትሆን የሚያርድ ሰው ጥሩ” አለች። ልጄ እንባዋ መጣ። “እማማ፣ የታመመ ሁሉ ይታረዳል እንዴ?” ስትላት እናቴ ዝም አለች።

ዶሮ ጥርስ የላትም። የለቀመችው ጥሬ መጀመሪያ የሚያርፈው ከአንገቷ ሥር ባለ ከረጢት ነው። እዚያ ርሶ ይወርድና ጡንቻማው ሆዷ ከዋጠችው ጠጠር ጋር ይፈጨዋል። ከረጢቱ ማታ ቢሞላም ጠዋት ሳትበላ ሲዳሰስ ባዶ መሆን አለበት። የገብስማዋ ግን ጠዋትም እንደ ኳስ ጠጥሮ ነበር።

ከረጢቱ ጠንካራ ከሆነ ረጅም ሣር፣ ክር ወይም ላስቲክ ዘግቶት ሊሆን ይችላል። ውሃ እንደሞላ ፊኛ ለስልሶ አፏ ኮምጣጣ ሽታ ካለው ደግሞ ምግቡ ቆይቶ ቦክቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ዘቅዝቆ ሊያስተፋት የሚሞክር ሰው አለ፤ ፈሳሹ ሳንባዋ ገብቶ ሊገድላት ስለሚችል አታድርጉት።

ኩሷንም እዩ። ነጭ ቆብ ያለው ኩስ የጤና ነው፤ አልፎ አልፎ የሚታየው ቡናማና የሚያጣብቅ ኩስም በሽታ አይደለም። በጫጩትና በቄብ ላይ ደም ከታየ ኮክሲዲዮሲስ ሊሆን ይችላል። አረንጓዴ ተቅማጥ ከመጣ፣ አንገት ከተጠማዘዘ፣ ዶሮዎች ተከታትለው ከወደቁ ፈንግልን ጠርጥሩ። ፈንግል ፈዋሽ መድኃኒት የለውም፤ መከላከያው ቀድሞ መከተብ ነው፤ ክትባቱም እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል።

ገብስማዋን ለይተን ካርቶን ውስጥ ሞቅ ባለ ቦታ አስቀመጥናት። አንድ ቀን እህል ከልክለን ውሃ ብቻ ሰጠናት፤ ከረጢቱንም በጣት ቀስ እያልን አሸነው። አልለሰለሰም። ጎረቤታችን ቴትራሳይክሊን በውሃ በጥብጠን እንድንሰጣት መከረችን። ነገር ግን ይህ መድኃኒት የተዘጋ ነገር አይከፍትም፤ ቅሪቱ ደግሞ እንቁላሉ ውስጥ ይገባል። እናቴ “የሐኪሙ ዋጋ ከዶሮዋ ይበልጣል” አለች። እውነቷን ነው። እኔ ግን ሕመሟ ያልታወቀ ዶሮ ሥጋ ለልጆቼ ማቅረብ አልፈለግሁም። ደግሞ ልጄ በእጇ ያደገ ነፍስ ሲታመም ምን እንደምናደርግ እያየች ነበር።

የእንስሳት ሐኪሙ ቦታውን አደንዝዞ ከረጢቱን ከፈተ። ከሣር ጋር የተጠቀለለ የማዳበሪያ ክር መዝዞ አወጣና ሰፋው። ለቀናት የረጠበና የላመ ምግብ በትንሽ በትንሹ ሰጠናት። መድኃኒት የወሰደች ዶሮ እንቁላል ለስንት ቀን እንደማይበላ ሐኪሙን መጠየቅ አትርሱ። እኛም እሱ የነገረን ቀን እስኪያልፍ ለትንሹ ልጅ እንቁላል ከሱቅ ገዛን።

ልጆችን በተመለከተ ጥብቅ መሆን ያስፈልጋል። ጤነኛ የምትመስል ዶሮም ሳልሞኔላ ልትይዝ ትችላለች። ልጄ ዶሮዋን እንድታቅፍ ብፈቅድላትም መሳም ከልክያታለሁ፤ ከነካቻት በኋላም እጇን በሳሙና ትታጠባለች።

ገብስማዋ ከሦስት ሳምንት በኋላ እንቁላል ጣለች። አሁን ሣሩን አሳጥረን እንከትፍላቸዋለን፤ ደቃቅ ጠጠርም በጣሳ እናስቀምጥላቸዋለን። የማዳበሪያ ክር ከግቢው የምትለቅመው ግን እናቴ ናት። “ጎንበስ ማለት ከሐኪም ይረክሳል” ትላለች።