በመጋዘን የቆየ የዱቄት ወተት ብልሽቱ እንዴት ይለካል?

በጅማ ሄርማታና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች ዝናቡ ረጅም፣ አየሩም እርጥበታማ ነው። የማኅበራት መጋዘን ጠባቂዎች ለቡና እርጥበት የሚያደርጉትን ጥንቃቄ ለዱቄት ወተት ሲያደርጉ ብዙ ጊዜ አናይም። ከረጢቱ ካልተቀደደ ዱቄቱ ደኅና ነው ይባላል። ይህ ስሕተት ነው። ዱቄት ወተት ሁለት ጠላቶች አሉት፤ እነርሱም እርጥበትና አየር ናቸው።

እርጥበት

የዱቄት ወተት እርጥበት ከ5 በመቶ መብለጥ የለበትም። ሲበልጥ በውስጡ ያለው የወተት ስኳር ይረጋል፤ ዱቄቱ ይጓጉላል፤ ቀለሙም እየቆየ ይቡንናል። ለመለካት 5 ግራም ዱቄት በ102 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ይደርቃል። ደርቆ 4.70 ግራም ቢመዝን የጠፋው 0.30 ግራም፣ ማለትም 6 በመቶ ነው። ይህ ከልክ በላይ ነው።

አየር

የአየር ኦክሲጅን የሚያጠቃው ቅባቱን ነው። ቅባቱ ያልወጣለት ዱቄት ቢያንስ 26 በመቶ ቅባት ሲኖረው፣ የወጣለት ከ1.5 በመቶ አይበልጥም። ስለዚህ ሁለተኛው ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ለወተት ልማት ድርጅት ይሰጥ የነበረው እርዳታ ቅባት የወጣለት ዱቄትና የቅቤ ዘይት ሆኖ ለየብቻ ይመጣ ነበር።

ላቦራቶሪው ቅባቱን ለይቶ፣ በአዮዲን ዘዴ የፐርኦክሳይዱን መጠን ይለካል። ነገር ግን አንድ ቁጥር ብቻ አይታመንም። ፐርኦክሳይድ መጀመሪያ ይጨምራል፤ በኋላ መጥፎ ሽታ ወደሚሰጡ ነገሮች ስለሚለወጥ ይቀንሳል። ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ዱቄቱ ሞራ ሞራ ከሸተተ ተበላሽቷል ማለት ነው።

የልማት ሠራተኛው ተግባር

1. ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ካሉ ከረጢቶች ናሙና ወስዶ፣ በደረቅ ጠርሙስ አሽጎና ከብርሃን ሸፍኖ መላክ።

2. 10 ግራም ዱቄት ፈልቶ ለብ ባለ 90 ሚሊ ሊትር ውኃ በጥብጦ፣ የየትኛው ከረጢት እንደሆነ ለማያውቁ ሦስት ሰዎች ማሽተት።

3. ውጤቱን ከቀኑ ጋር መዝግቦ፣ በክረምት በየወሩ መድገም።

4. ከረጢቶቹን በእንጨት ርብራብ ላይ ከግድግዳ አርቆ መደርደር፤ ከላምባና ከቡና መለየት፤ ቀድሞ የገባውን ቀድሞ ማውጣት።

የበሰለ ቅቤ ሽታ ለወጥ ይወደድ ይሆናል፤ በሕፃን ወተት ላይ ግን የብልሽት ምልክት ነው። ያጠራጠረ ከረጢት ተለይቶ ይቀመጥ፤ ውጤቱ ሳይታወቅ ለማንም አይታደል።