በአዲስ አበባ ያለ ወለድ ቤት መግዛት፦ ከመፈረማችን በፊት

በአዲስ አበባ ቤት ለመግዛት የሚያስብ ሙስሊም ቤተሰብ ሁለት ጭንቀት አለበት። አንዱ የከተማው ነዋሪ ሁሉ የሚጋራው የዋጋ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው ወለድ ውስጥ ሳይገቡ እንዴት ይገዛል የሚለው ነው። ብዙዎች «አሁን እኮ ከወለድ ነፃ ባንክ አለ፤ ታዲያ ምን ቸገረ?» ይላሉ። ባንኩስ አለ። ችግሩ ያለው ባንኩ ሊገዛልን በሚችለው ቤትና እኛ አቅማችን በሚደርስበት ቤት መካከል ነው።

ከወለድ ነፃ አገልግሎት በመደበኛ ባንኮች መስኮት የተፈቀደው በ2004 ዓ.ም ነበር። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነው የመጀመሪያው ባንክ ዘምዘም በ2013 ዓ.ም ሥራ ጀመረ፤ ሂጅራ፣ ራሚስና ሸበሌም አሉ። ለቤት መግዣ በብዛት የሚቀርበው ውል ሙራበሓ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ባንኩ ቤቱን ከሻጩ ይገዛል፣ የገዛበትን ዋጋና የሚጨምረውን ትርፍ ይነግረናል፣ ከዚያ በየወሩ በሚከፈል ዋጋ ይሸጥልናል። ይህን ንግድ ከብድር የሚለየው ቅደም ተከተሉ ነው። ባንኩ ቤቱን የራሱ ሳያደርግ ገንዘቡን ለሻጩ ከፍሎልን በትርፍ መልሱ ካለን፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን ያበደረን ገንዘብ ነው። ስለዚህ ቅርንጫፍ ስንሄድ የመጀመሪያው ጥያቄያችን የትርፍ መጠኑ ሳይሆን «ቤቱ የእናንተ የሚሆነው መቼ ነው? በየትኛው ሰነድ?» የሚለው ይሁን። ስም ሁለት ጊዜ የሚዛወር ከሆነ ወጪውን ማን እንደሚሸፍንም እዚያው ይጠየቅ።

ከወለድ ነፃ ማለት ርካሽ ማለት አይደለም። ለምሳሌ ያህል 5 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ቤት እንውሰድ። ገዢው 1.5 ሚሊዮን ቢያዋጣና ባንኩ በቀሪው 3.5 ሚሊዮን ላይ 3.5 ሚሊዮን ትርፍ ቢጨምር፣ 7 ሚሊዮኑ በ10 ዓመት ሲከፈል በወር ከ58 ሺህ ብር በላይ ይሆናል። ጥቅሙ ቁጥሩ የማይለወጥ መሆኑ ነው፤ ዛሬ የተፈረመው 7 ሚሊዮን በአሥረኛው ዓመትም 7 ሚሊዮን ነው። ደመወዝተኛ ግን ይህን ከየት ያመጣል? የባንኮች የፋይናንስ አቅርቦትም በተለይ ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓመታዊ የብድር ዕድገትን በ14 በመቶ ከገደበ በኋላ ጠቦ ቆይቷል።

ዋናው እንቅፋት ግን ሌላ ነው። ሙራበሓ ቆሞ ያለ፣ ካርታ ያለው፣ ሻጩ በሕግ ሊሸጠው የሚችል ቤት ይፈልጋል። እንዲህ ያለው ቤት ደግሞ በገበያው ውዱ ነው። መካከለኛ ገቢ ያለው ሰው የሚደርስበት ወይ ገና መሠረቱ እየተቆፈረ ያለ አፓርታማ ነው፣ ወይ በውክልና የሚሸጥ ኮንዶሚኒየም ነው። ሁለቱም ጋ ሙራበሓ በደንብ አይገጥምም።

ገና ያልተሠራ ቤት መግዛት በራሱ ሐራም አይደለም። ፊቅህ ለዚህ ኢስቲስናዕ የሚባል ውል አለው፤ አንድን ነገር ሠርቶ እንዲያስረክብ ከሠሪው ጋር የሚደረግ ስምምነት ነው። መቀመጫው ጅዳ የሆነው ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1992 ውሉን ሲያጸድቅ የሚሠራው ነገር ዓይነትና መጠን፣ የሚረከብበትም ጊዜ በግልጽ ይወሰን ብሏል። ክፍያው በየጊዜው ሊሆን ይችላል። ሠሪው ያለ አስገዳጅ ምክንያት ቢዘገይ ደግሞ ቅጣት እንዲከፍል በውሉ ማስገባት ይቻላል።

አሁን በእጃችን ያለውን የሪል እስቴት ውል አውጥተን እናንብበው። ከሚደርሱን ውሎች ብዙዎቹ የተገላቢጦሽ ናቸው። ገዢው ክፍያ ካዘገየ በየቀኑ ወይም በየወሩ መቶኛ ይታሰብበታል፤ ኩባንያው ካዘገየ ግን «እንደ ሁኔታው» ተብሎ ይታለፋል። በፊቅህ ዓይን የመጀመሪያው ዕዳ ላይ የሚጨመር ገንዘብ ስለሆነ ሪባ ነው፤ ይኸው አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1990 በዘገየ የክፍያ ዕዳ ላይ ጭማሪ እንደማይፈቀድ ወስኗል። የሚፈቀደው ሁለተኛው ነው፤ እሱ ግን ውሉ ውስጥ የለም። ገዢ ይህን አንቀጽ እንዲቀየር መጠየቅ ይችላል። ብዙ ሰው የታተመ ውል አይነካም ብሎ ስለሚያስብ ሳይጠይቅ ይፈርማል።

ሌላው የዶላር አንቀጽ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሻጮች ከዚያ በፊትም ራሳቸውን ለመጠበቅ በውል ውስጥ «የምንዛሪ ለውጥ ካለ ዋጋው ይስተካከላል» የሚል ሐረግ ያስገቡ ነበር። ሥጋታቸው ይገባናል፤ ብረቱም ሊፍቱም ከውጭ ነው የሚመጣው። ነገር ግን በዚህ ሐረግ የፈረመ ሰው ቤቱን በስንት እንደገዛ አያውቅም፤ ዋጋው ያልታወቀ ሽያጭ ደግሞ ገረር ነው። ቢያንስ የጭማሪው ጣሪያ በቁጥር ይጻፍ፣ ወይም ከዚያ ካለፈ ገዢው ገንዘቡን ሙሉ ተቀብሎ የመውጣት መብት ይኑረው። የአንቀጹን ዝርዝር ግን ፋይናንስ ለሚያውቅ ዓሊም ማሳየት ይበጃል።

በውክልና ወደሚሸጠው ኮንዶሚኒየም እንምጣ፤ ኪሳራው ከሁሉ የከፋው እዚህ ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው ቤቱን ለ5 ዓመት መሸጥ ስለማይችል ደላላው «ውክልና ይሰጥሃል፣ ጊዜው ሲደርስ ስም ታዞራለህ» ይላል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን ውክልና ሰጪው በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ ሰጪው ከሞተም ይቋረጣል። ያኔ ገዢው ከወራሾች ጋር ይፋጠጣል። ሕጉ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲደረግ ስለሚጠይቅ፣ ሦስት ምስክር የፈረመበት ወረቀት በቂ ነው ማለት አይቻልም። የሻጩ የትዳር አጋር ካልፈረመም ሌላ ክርክር ይነሳል፤ የቤተሰብ ሕጉ የጋራ የሆነ ቤት ሲሸጥ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል።

ዐረብ አገር ያሉ እህቶቻችን ነገርም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ለዓመታት ከሪያድ ወይም ከቤይሩት የላኩት ገንዘብ በወንድም ወይም በአጎት ስም ቤት ይሆናል። ሲመለሱ ግን ካርታው ላይ ስማቸው የለም። በወንድም ላይ ወረቀት መጠየቅ አለማመን የሚመስለው ሰው አለ። የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ ግን ዕዳን ስለ መጻፍና ምስክር ስለ ማቆም ነው፤ ዘመድንም አልለየም። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሄዶ ውክልና ሰጥቶ ቤቱን በራስ ስም ማስገዛት ይቻላል። የላኩበትን ደረሰኝም ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

በመጨረሻ ደጋግሞ የሚመጣ የዘካ ጥያቄ አለ። ለመኖሪያ የተገዛ ቤት ዘካ የለበትም። ለቅድሚያ ክፍያ ተብሎ ባንክ የተቀመጠ ገንዘብ ግን ኒሷብ ሞልቶ ዓመት ከዞረበት፣ «ለቤት ነው» መባሉ አያድነውም፤ ከመቶው 2.5 ይወጣል። ለሪል እስቴቱ የተከፈለው ከእጃችን ስለወጣ አይቆጠርም፤ ባንክ የቀረው ይቆጠራል። ሊሸጥ ታስቦ የተገዛ አፓርታማ ደግሞ የንግድ ዕቃ ስለሆነ በየዓመቱ በወቅቱ የገበያ ዋጋ ይገመታል። ወላሁ አዕለም።