ለዱር መንገድ የሚታጠቅ ሽጉጥ እንዴት ይመረጣል?

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፥ የዛሬው ጽሑፋችን ሥሩ አንድ ጥያቄ ነው። ስለ ዓሣ ሀብት ለመማር ወደ አላስካ የሚሄድ አንድ ወጣት ወደ እኛ መጥቶ፥ አፈሙዟ አጭር እጀታዋ ወፍራም የሆነች ሽጉጥ ሥዕል አሳየንና፥ «ወንዝ ዳር ብቻዬን ስሠራ ድብ ቢመጣብኝ ይህች ታድነኛለች? ወይስ ሌላ ልምረጥ?» ሲል ጠየቀን። ጥያቄው በመጀመሪያ ፈገግ አሰኝቶን ነበር። ቀስ ብለን ስናስበው ግን ገንዘቡንም፥ ሕይወቱንም፥ በኋላ እንደምንገልጸው የትምህርት ዕድሉንም ጭምር የሚነካ ሆኖ ስላገኘነው፥ የደረስንበትን ለእርሱም ለአንባቢዎቻችንም ለማካፈል ወደድን። የውጭ አገሩ ዓመት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በአገራችን ድብ የለም። በሌሊት መንገደኛውን የሚያሰጋው ጅብ ነው፤ ለእርሱም ብዙ ጊዜ ዱላ፥ ችቦና ባልንጀራ ይበቃል። የአላስካ ቡናማ ድብ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ትልቁ ወንድ ከ400 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ሲሮጥም በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል። ይህም ማለት 30 ሜትር ርቆ ከቁጥቋጦ ብቅ ያለ ድብ በ2 ሴኮንድ ውስጥ አጠገባችን ይደርሳል ማለት ነው። ሳልሞን የተባለው ዓሣ ከባሕር ወደ ወንዝ በሚወጣበት የሙቀት ወራት፥ ድቡም ዓሣ አጥኚውም የሚፈልጉት አንዱን ወንዝ ስለሆነ፥ መገናኘታቸው አያስደንቅም።

የከባዱ ጥይት አመጣጥ

ሳሙኤል ኮልት ስለ ተሽከርካሪ ሽጉጡ በአሜሪካ የባለቤትነት መብት ያገኘው በ1836 ነው። ስሙ እስከ እኛ አገር ድረስ ዘልቆ፥ «ኮልት» ማለት የሽጉጥ መጠሪያ እስከ መሆን ደርሶአል። ከዚያ ወዲህ ጥይቱ እየከበደ ሄደ። በ1935 ባለ 357 ማግነም ወጣ። ቀጥሎም ኤልመር ኪዝ የተባሉ የአይዳሆ ከብት አርቢና ጸሐፊ፥ ለአዳኝ የሚሆን ከዚህ የበረታ ጥይት እንዲሠራ ለብዙ ዓመታት ሲወተውቱ ቆይተው፥ በ1955 መጨረሻ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሽጉጡን፥ ሬሚንግተን ደግሞ ጥይቱን ሠርተው ባለ 44 ማግነምን አወጡ። የዚህ ጥይት አረር 11 ሚሊ ሜትር ለመሙላት ጥቂት የሚቀረው ውፍረት ሲኖረው፥ የተለመደው ክብደቱ 15 ግራም ተኩል ያህል ነው። ከዚያም ባለ 454 ካሱል፥ በ2003 ደግሞ ባለ 500 ማግነም ተከተሉት።

በጥንቱ አሠራር እንዲህ ያለው ሽጉጥ አፈሙዙ ረጅም ነበር። ረጅም አፈሙዝ ግን በወንዝ ውስጥ ለሚሠራ፥ ቁጥቋጦ ለሚሰነጥቅና ድንኳን ውስጥ ለሚተኛ ሰው አይመችም። በዚህም ምክንያት ሩገር የተባለው ፋብሪካ በ2005 «አላስካን» ብሎ የሰየመውን፥ የአፈሙዙ ርዝመት 2 ኢንች ተኩል ብቻ የሆነውን ሽጉጥ አወጣ። ወጣቱ ሥዕሏን ያሳየን ይህችኑ ነበር።

ማጠር ምን ይሰጣል? ምንስ ይወስዳል?

አጭሯ ሽጉጥ የምትሰጠው ጥቅም ግልጽ ነው። ከማኅደሯ ቶሎ ትወጣለች፤ ደረት ላይ ስትታጠቅ ለመታጠፍም ለመቀመጥም አታስቸግርም፤ ድቡ ሰውየውን ጥሎ ከላዩ ቢወጣበት እንኳ በአንድ እጅ ወደ አውሬው ለማዞር ትመቻለች። ባለ ሽክርክሪት በመሆኗም አንዱ ጥይት ቢከሽፍ ምላጩን እንደገና መሳብ ብቻ ሌላውን ያቀርባል። አፈሙዟ ከአውሬው ገላ ጋር ተጣብቆ እንኳ ትተኩሳለች፤ አውቶማቲክ ሽጉጥ ግን አፈሙዙ ወደ ኋላ ከተገፋ ላይተኩስ ይችላል።

ይሁን እንጂ ማጠር ዋጋ ያስከፍላል። ባሩዱ ተቃጥሎ አረሩን የሚገፋው በአፈሙዙ ውስጥ እስካለ ድረስ ስለሆነ፥ አፈሙዙ ባጠረ መጠን የአረሩ ፍጥነት ይቀንሳል። ያልተቃጠለው ባሩድ ውጭ ስለሚነድ ነበልባሉ ትልቅ፥ ድምፁም ጆሮን የሚጎዳ ይሆናል። ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳት ግን የኢላማ ነው። በፊተኛውና በኋለኛው ማነጣጠሪያ መካከል ያለው ርቀት ሲያጥር፥ በእጅ ላይ የማትታይ ትንሽ ስሕተት በ20 ሜትር ላይ ትልቅ ስሕተት ትሆናለች። ስለዚህ አጭር ሽጉጥ ለጥቂት ሜትር እንጂ ለሩቅ ዒላማ የምትፈለግ አይደለችም። ከ3 እስከ 4 ኢንች ያለው አፈሙዝ በመካከል የሚያስታርቅ ነው ብለን እናምናለን።

ክብደትና ምት

ወጣቱ «ትልቁን ጥይት፥ ቀላሉን ሽጉጥ» ለመምረጥ ልቡ ከጅሎ ነበር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጥይት ሲተኮስ ሽጉጡ ወደ ኋላ ይመታል፤ ጥይቱ አንድ ዓይነት ከሆነ፥ የሽጉጡ ክብደት በግማሽ ሲቀንስ የምቱ ኃይል በእጥፍ ይጨምራል። የባለ 44ቷ አላስካን ክብደት 1 ኪሎ ከ250 ግራም ያህል ነው። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ስካንዲየም ከተባለ ማዕድን ቅይጥ የሠራው፥ ይኸንኑ ጥይት የሚጎርስ 329 የተባለው ሽጉጥ ግን 700 ግራም ያህል ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ለመያዝ የሁለተኛው ምቾት የሚያጠራጥር አይደለም፤ ሲተኮስ ግን ተኳሹን አብልጦ የሚቀጣው እርሱ ነው። ከዚህም ሌላ እጅግ በቀለለ ሽጉጥ የምቱ ኃይል ገና ያልተተኮሱትን አረሮች ከቀለሃቸው እየሳበ ወደ ፊት ሊያወጣና ሽክርክሪቱን አላዞር ሊያሰኝ ይችላል። ይህ በድብ ፊት ቢደርስ ምን ማለት እንደሆነ መግለጽ አያስፈልግም።

በሌላ በኩል ከባዱ ሽጉጥም የራሱ ፈተና አለው። ከብዶኛል ተብሎ ድንኳን ውስጥ የተተወ ሽጉጥ ለባለቤቱ ምንም አይፈይድም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። እንግዲህ መለኪያው አንድ ነው፤ ሰውየው ቀኑን ሙሉ ሳያወልቅ ሊታጠቀው የሚችል፥ ሲደነግጥም ሁለተኛውን ጥይት በትክክል ሊተኩስበት የሚችል ሽጉጥ ለእርሱ ትልቁ ሽጉጥ ነው። በባለ 500 ስቶ ከመተኮስ በባለ 357 መምታት ይሻላል። ለብዙ ሰው የሚስማማው ጣሪያ ባለ 44 ነው ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

ይህም ልምምድ ይጠይቃል። በባለ 44 ማግነም ውስጥ በ1907 የወጣው ባለ 44 ስፔሻል የተባለው ለስላሳ ጥይት ይተኮሳል፤ በባለ 454 ውስጥ ደግሞ የ1873ቱ ባለ 45 ኮልት ይገባል። ጀማሪ በለስላሳው ጀምሮ ወደ ከባዱ መሄድ ይገባዋል። ሲለማመድም ጆሮውንና ዓይኑን ይሸፍን፤ በሽክርክሪቱና በአፈሙዙ መካከል ባለው ክፍተት የጋለ ጋዝ ስለሚወጣ ጣቱን ከሽክርክሪቱ ፊት አያስጠጋ። ለድብ የሚመረጠው አረር ገላ ሲነካ የሚፈነዳው ሳይሆን፥ ቅርጹን ሳይለቅ አጥንት ሰብሮ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ጠንካራ እርሳስ ነው። ማኅደሩም ደረት ላይ ቢሆን ይመረጣል፤ ወገብ ላይ የታጠቁትን የጀርባ ሻንጣው ቀበቶና የዓሣ አጥማጁ የውሃ ልብስ ይሸፍኑታልና።

ከሽጉጥ በፊት ምን አለ?

እስከዚህ ድረስ ስለ መሣሪያው ተናገርን። አሁን ደግሞ ወጣቱ ያልጠየቀንን እንመልስ። በዛሬው ዘመን በድብ አገር የሚሄዱ ሰዎች ከሚጥሚጣ ዘመድ በሆነ በርበሬ የተቀመመ ርጭት በቆርቆሮ ይይዛሉ። በአሜሪካ ሕግ ለድብ ተብሎ የሚሸጠው ቆርቆሮ ቢያንስ 225 ግራም ያህል የሚይዝና ከ7 ሜትር ተኩል በላይ የሚደርስ ነው። ለእኛ የሚጥሚጣ ኃይል አዲስ ነገር አይደለም፤ ለድቡ ግን አዲስ ነው።

ቶም ስሚዝና ስቲቨን ሄሬሮ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2008 ባወጡት የአላስካ ጥናት፥ ርጭቱ ቡናማ ድቦችን ከመቶ 92 ጊዜ ከሚያደርጉት ነገር አስቁሞአል፤ ርጭት ይዘው ከድብ ጋር በቅርብ ከተገናኙት ሰዎችም ከመቶ 98ቱ ምንም አልተጎዱም። እነዚሁ ሰዎች በ2012 ከ1883 እስከ 2009 ድረስ የደረሱ 269 የጦር መሣሪያና የድብ ግጥሚያዎችን መርምረው፥ ሽጉጥ ከመቶ 84፥ ረጅም መሣሪያ ከመቶ 76 ጊዜ እንደ ተሳካለት አገኙ። ዳሩ ግን መሣሪያ ይዘው የተኮሱና ይዘው ያልተኮሱ ሰዎች በደረሰባቸው ጉዳት ይህን ያህል እንዳልተለያዩ ጽፈዋል። በእርግጥ ሁኔታዎቹ ልዩ ልዩ ስለሆኑ ሁለቱን ጥናቶች አቻ ለአቻ ማወዳደር አይገባም፤ በርጭቱ ጥናት ውስጥ ሰውን ለማጥቃት ሳይሆን ለማየት ብቻ የቀረቡ ድቦችም ብዙ ነበሩ። ቢሆንም ደመና የሚመስል ርጭት ወደ ሚሮጥ አውሬ ለመልቀቅ፥ አንድ አረር በጭንቅላቱ ላይ ከማሳረፍ ያነሰ ችሎታ እንደሚጠይቅ ማንም ይረዳዋል።

ከሁለቱም የሚቀድመው ጠባይ ነው፤ በቡድን መሄድ፥ እየተነጋገሩ ማለፍ፥ ምግብን ከመኝታ ማራቅ። በየሎስቶን ብሔራዊ ፓርክ ከድብ ቢያንስ 91 ሜትር መራቅ ግዴታ ነው።

ሕግ ምን ይላል?

ከ2010 የካቲት ወር ጀምሮ በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ በየግዛቱ ሕግ መሠረት መሣሪያ መያዝ ተፈቅዶአል፤ መተኮስ ግን በአብዛኛዎቹ ዛሬም የተከለከለ ነው። በአላስካ ሕይወቱን ለማዳን ድብ የገደለ ሰው ለመንግሥት ማስታወቅ፥ ቆዳውን ከነጥፍሩ፥ ራስ ቅሉንም ገፎ ማስረከብ አለበት። ምግቡን በመዝረክረክ ድቡን የጠራው እርሱ ራሱ ከሆነም ሕጉ አይከላከልለትም። በመኪና በካናዳ በኩል ለማለፍ የሚያስብም፥ የካናዳ ሕግ አፈሙዙ ከ105 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ሽጉጥን የከለከለ መሆኑን ይወቅ፤ ባለ 4 ኢንቹ እንኳ 102 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ከዚሁ ይገባል።

ለወጣቱ ከሁሉ የከበደው ግን የሚከተለው ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ መሠረት፥ በተማሪ ቪዛ የገባ የውጭ አገር ሰው ጦር መሣሪያም ሆነ ጥይት መያዝ አይፈቀድለትም። ከሕጉ ነጻ የሚሆነው፥ በአሜሪካ የተሰጠ የጸና የአደን ፈቃድ እንዳለው ሰው፥ በሕጉ ለተዘረዘሩት ጥቂቶች ብቻ ነው። ይህን ሳያውቅ ከሱቅ ወይም ከወዳጅ እጅ የተቀበለ ተማሪ፥ ከድቡ ይልቅ እስራትንና ከአገር መባረርን መፍራት አለበት። በእኛም አገር ቢሆን በ2012 ዓመተ ምሕረት የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል።

ይህን ሁሉ ለወጣቱ ስንነግረው ጥቂት ዝም አለና፥ «ታዲያ ሽጉጡን ልርሳው?» አለን። እኛም፥ «አትርሳው፤ ነገር ግን በስተመጨረሻ አስበው» አልነው። መጀመሪያ ርጭቱን ይግዛ፤ አወጣጡንም ደጋግሞ ይለማመድ። ብቻውን ወንዝ አይውረድ። ከዚያ በኋላ የሚሠራበት ክፍል መሣሪያ ያስፈልጋል ቢለው፥ ሕግ ዐዋቂ ጠይቆ፥ የአደን ፈቃድ አውጥቶ፥ በአስተማሪ ፊት በለስላሳው ጥይት ጀምሮ፥ የሚችለውን ሽጉጥ ይምረጥ። ሥዕሏን አጥፎ ወደ ኪሱ ሲከታት የመጀመሪያው ጉጉት ከፊቱ ላይ ቀንሶ ነበር። ጥያቄዎቹ ግን ተለውጠው ነበር፤ ሲሰናበተን የጠየቀን ስለ አፈሙዝ ርዝመት ሳይሆን፥ የርጭቱ ቆርቆሮ በአውሮፕላን ይጫን እንደሆነ ነው። በመንገደኞች አውሮፕላን በእጅም በሻንጣም እንደማይፈቀድና እዚያው ሲደርስ መግዛት እንዳለበት ነገርነው።

ለዱር መንገድ ሽጉጥ መምረጥ ማለት እንግዲህ የሽጉጡን ብቻ ሳይሆን የያዡንም አቅም መመዘን ነው። አንባቢዎቻችንም ለሌላው ነገር ሁሉ ይኸንኑ ሚዛን እንዲይዙ እየመከርን፥ ለወንድማችን መልካም ጉዞ እንመኛለን።