ለሽምብራ ውሃ መቼ?

መስከረም ሲጠባ በአድአ፣ በምንጃርና በበቾ ጥቁር አፈር (ዋልካ) ላይ ሽምብራ ይዘራል። ዝናቡ ሊያቆም ሲል ተዘርቶ፣ ከዚያ ወዲያ አፈሩ በያዘው እርጥበት የሚደርስ ሰብል ነው። ኢትዮጵያ በሽምብራ ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ የሆነችው በዚሁ ከክረምት በተረፈ ውሃ ነው።

ዘግይቶ መዝራቱ ስንፍና አይደለም። ዋልካ በሐምሌና በነሐሴ ውሃ ይተኛበታል፤ የሽምብራ ሥር አየር ካጣ ይበሰብሳል። ገበሬው ውሃው እስኪሸሽ ይጠብቃል። ዕዳው የሚመጣው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፦ ተክሉ አብቦ ፍሬ ሊቋጥር ሲል መሬቱ ይደርቃል። ክረምቱ እንደ 2007 ዓ.ም. በኤልኒኖ ሲዛባማ እርጥበቱ ከአበባው ቀድሞ ያልቃል።

መፍትሔው መስኖ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ሽምብራ ዝም ብሎ ውሃ ማጠጣትን አይወድም። በለጋነቱ ደጋግሞ የጠጣ ሽምብራ ሥሩን ወደ ታች አይሰድም፤ ቅጠል ያበዛል፣ ይተኛል፣ ለሥር አበስብስ በሽታ ይጋለጣል። ተፈጥሮው እርጥበት እስካገኘ ድረስ ማደጉን አለማቆም ስለሆነ፣ ለምለም ማሳ ብዙ ጊዜ ፍሬው ያነሰ ማሳ ነው። ትንሽ ጥማት በዚያ ዕድሜው ይጠቅመዋል እላለሁ።

የሚጎዳው ጥማት ሌላ ነው። ሊያብብ ሲል ከተጠማ አበባው ይረግፋል፤ ፍሬ ሲቋጥር ከተጠማ ባዶ ከረጢት ይበዛል፤ ከዚያ በኋላ ከሆነ ፍሬው ይጨማደዳል። የአንድ ጊዜ ውሃ ብቻ ያለው ገበሬ ከአበባ እስከ ፍሬ ቋጠሮ ባለው ጊዜ ቢያውለው አብዛኛውን ጊዜ ያተርፋል፤ ሁለት ጊዜ ያለው አንዱን ከአበባ በፊት፣ ሌላውን ፍሬ ሲሞላ ያጠጣል። ቅጠሉ ቢጫ ከሆነ ወዲያ የሚመጣ ውሃ ከንቱ ድካም ነው። እሸት ሽምብራ በየመንገዱ መሸጥ ሲጀምር ዋናው የማጠጫ ሰዓት አልፏል።

ዋልካ የራሱን ሰዓት ይጨምርበታል። መሬቱ በሰፊው ከተሰነጠቀ ውሃው በስንጥቁ ወደ ታች ይጠፋል፤ ስንጥቁ ሲገጥም ደግሞ ከላይ ይተኛል። ስለዚህ ስንጥቁ ሳይሰፋ፣ በቦይ፣ በመጠኑ አጠጥቶ ትርፉን ማፍሰስ ያስፈልጋል። የእነዋሪ ገበሬዎች ከጥንት በእጃቸው የሚያወጡት መደብ ለማንጣፈፍ የታሰበ ነው፤ በመደቦቹ መካከል ያለው ቦይ ለማጠጣትም ያገለግላል። ቀድሞ ለመዝራትም መንገድ ይከፍታል፤ ቀድሞ የተዘራ ደግሞ ድርቁ ሳይጠናበት ያብባል።

የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል እንደ አረርቲና ሐብሩ ያሉ ዝርያዎችን አውጥቷል። ዝርያው አለ፤ የጎደለው የውሃ ተራው ነው። በብዙ መስኖዎች ተራው በማሳ ቅደም ተከተል ይዞራል፣ ወይም ስንዴና አትክልት ይቀድማሉ፤ ሽምብራ «ውሃ አይፈልግም» ተብሎ ይታለፋል። ተራው ሲደርሰው አበባው ረግፏል። የመስኖ ተጠቃሚዎች ማህበራትና የውሃ አባቶች የዘንድሮውን ተራ ሲያወጡ የሽምብራ ማሳዎችን የአበባ ጊዜ አስቀድመው ይመዝግቡ፤ ለዚያ ሰሞን አንድ ተራ ይተዉለት።