ረግረግ መሬት ባዶ መሬት አይደለም

በቀዳም ሥዑር ካህናት የሚያድሉንን፥ በበዓልም ቀን በየቤታችን የምንጎዘጉዘውን ቄጤማ ስንመለከት፥ «ይህ ለምለም ሣር ከወዴት መጣ?» ብለን የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። ቄጤማ የሚበቅለው ውኃ በማይለየው ረግረግ መሬት ላይ ነው፤ ይኸው ረግረግ ደግሞ የወንዞቻችን ጎተራ ነው።

ለዚህ ነገር ዋና ምስክር የሚሆነን በምዕራብ ጎጃም፥ በሰከላ ወረዳ የሚገኘው የግሽ ዓባይ ምንጭ ነው። ምእመናን የጻድቁን የአቡነ ዘርዓ ብሩክን ስም እየጠሩ ለጠበሉ ወደዚያ ይጓዛሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1618 ፔድሮ ፓኤዝ፥ በ1770 ደግሞ ጄምስ ብሩስ የዓባይን መነሻ ለማየት የደረሱት እዚሁ ነበር። ያገኙትም እንደ ፏፏቴ የሚያስገመግም ውኃ ሳይሆን፥ በረግረግ ሣር መካከል በጸጥታ የሚፈልቅ ምንጭ ነው። ከዚህ የሚነሣው ግልገል ዓባይ ወደ ሰሜን ወርዶ ጣና ይገባል፤ ወደ ሐይቁ ከሚገቡት ወንዞችም ትልቁ እርሱ ነው።

በዚህ አገር ዝናም አብዝቶ የሚጥለው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ከተራራ የሚወርደው ጎርፍ ረግረግ ሲደርስ ሣሩና ሥራሥሩ ፍጥነቱን ይገቱታል፤ ተሸክሞት የመጣውም አፈር በዚያ ይዘቅጣል። ለብዙ ዘመን ከበሰበሰ ሣር የተከማቸው ጥቁር አፈር ውኃውን እንደ ተነከረ ጥጥ ይዞ ያቆየዋል፤ በበጋም ጥቂት በጥቂት ይለቀዋል። እንግዲህ ረግረግ፥ በጥጋብ ወራት ያስቀመጠችውን በችግር ቀን የምታወጣ የባለሙያ እመቤት ጓዳ ይመስላል።

ነገር ግን ልጆቹ በዝተው መሬት የጠበበው ገበሬ፥ «ይህ ጨቀጨቅ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ቦይ ቀድዶ ቢያደርቀው፥ ወይም ባሕር ዛፍ ቢተክልበት አይፈረድበትም። ባሕር ዛፍ ቤት ይሠራል፤ ተሽጦም ለልጆች ትምህርት ይሆናል። ሆኖም ውኃ አብዝቶ የሚጠጣ ዛፍ ስለ ሆነ፥ በምንጭ ዳር ሲተከል ምንጩን ያደክመዋል። ያን ጊዜ እናትና ልጅ ውኃ ፍለጋ ርቀው ይሄዳሉ፤ በመጋቢትና በሚያዝያም ከብቱ የሚግጠው እርጥብ ሣር ያጣል። የአንድ ቤት ትርፍ የመንደሩ ሁሉ ኪሳራ ይሆናል።

ጉዳቱም በመንደሩ አይወሰንም። በላይ ያልተያዘው አፈር በታች ጣናን ይደፍናል። በሐይቁ ዳር ያለው ረግረግ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል የሚበቅልበት፥ ዓሣ የሚራባበት፥ ከሩቅ ሰሜን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ አዕዋፍ የሚያርፉበት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 መንግሥታት በኢራን አገር በራምሳር ከተማ ተሰብስበው ለረግረግ መሬት ጥበቃ ውል የተፈራረሙት፥ ጣናና አካባቢውም በ2015 በዩኔስኮ ከዓለም የሕይወት ክልሎች ጋር የተመዘገበው ይህን የመሰለው ጥቅም ስለ ታወቀ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ባሕር ዛፉን ከምንጭና ከረግረግ አርቀን በደረቁ ኮረብታ እንትከል። ከብቱን በረግረጉ ላይ ከመልቀቅ ሣሩን በየተራ አጭደን እናብላ። ከምንጩ በላይ ያለውን ተዳፋት በእርከንና በአገር በቀል ዛፍ እናልብሰው። ይህንም የመንደሩ ሽማግሌዎች በአንድነት ቢመክሩበት፥ አንዱ ሲጠብቅ ሌላው አያፈርስም።

በመጪው በዓል ቄጤማውን ስንጎዘጉዝ የበቀለበትን መሬት ለልጆቻችን እንንገራቸው። መሬቱ ከደረቀ ቄጤማውም፥ ምንጩም አይኖርምና።