ከ106 ዓመታት በኋላ በኩዌት የዓሣ ገበያ የታየው ሻርክ

እ.ኤ.አ. በ1902 ኦስትሪያዊው ዊልሄልም ሃይን ከየመኗ ቂሽን ጠረፍ አንድ ገና ያልጎለመሰ ሻርክ ወደ ቪየና ይዞ ተመለሰ። ሻርኩ በተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ስም ሳይወጣለት ለአሥርተ ዓመታት ቆየ። ተመራማሪው ጃክ ጋሪክ በ1985 «ካርካርሂነስ ሌዮዶን» ብለው ሰየሙት፤ ትርጉሙ «ለስላሳ ጥርስ» ነው፤ የጥርሶቹ ጠርዝ እንደ ዘመዶቹ መጋዝ መሰል አይደለምና። ሳይንስ ከዚህ አንድ በድን በቀር ሌላ ማስረጃ አልነበረውም።

በ2008 ግን አሌክ ሙርና ባልደረቦቻቸው በኩዌት የሸርቅ ዓሣ ገበያ ሲቃኙ ይኸው ሻርክ ከሌሎች መካከል ተጋድሞ አገኙት። ቦታው ከቂሽን ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ በባሕር መንገድ ይርቃል። የአካል ልኬቱና የዘረመል ምርመራው ማንነቱን አረጋገጠ፤ ውጤቱም በ2011 ታተመ። ክንፎቹ ጫፋቸው ጥቁር በመሆኑ በቀላሉ ከሌሎች ሻርኮች ጋር ይምታታል። ሳይንስ የጠፋ መስሎት ሳለ አስጋሪዎች ምናልባት ለዓመታት ሳያውቁት ሲሸጡት ኖረዋል።

ደስታው ግን ስጋት አለበት። ይህ የአላህ ፍጥረት የታወቀው በሕይወት ሳይሆን በገበያ ላይ ነው። መኖሪያው ጥልቀት የሌለው የባሕረ ሰላጤው ዳርቻ በግንባታ እየተሞላ፣ ከጤግሮስና ከኤፍራጥስ የሚገባው ጣፋጭ ውኃ በግድቦች ምክንያት እየቀነሰ ነው። ሻርክ ዘግይቶ ይጎለምሳል፣ ጥቂት ይወልዳል፤ ለሌላ ዓሣ የተዘረጋ መረብም አይለየውም።