ሙቀትን አሳልፎ ኮረንቲን ስለሚከለክል ፕላስቲክ

የኤሌክትሪክ አምፖል ወይም የስልክ ቻርጀር ለገበያ የሚያቀርብ ነጋዴ፣ ዕቃው ከመደብሩ ወጥቶ ብዙ ሳይሰነብት ተቃጥሎ ሲመለስበት አብዛኛውን ጊዜ በመብራቱ ኀይል መዋዠቅ ያመካኛል። መዋዠቁ የሚያደርሰው ጉዳት የሚካድ አይደለም። ነገር ግን ሁለት አምፖሎች በአንድ ቤትና በአንድ መስመር ላይ ሆነው አንዱ ለዓመታት ሲያገለግል ሌላው በጥቂት ወራት ቢጠፋ፣ ምክንያቱን በዕቃው ውስጥ መፈለግ ይገባል። ከሚፈለግባቸውም ስፍራዎች አንዱ፣ ከውጭ የማይታየው፣ በሚሞቀው ክፍልና በብረቱ አካል መካከል የተነጠፈው ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ነው።

ይህ ሽፋን ሁለት ተቃራኒ ሥራዎች ተሰጥተውታል። አንደኛው ኮረንቲው ወደ ብረቱ አልፎ ሰው እንዳይመታ መከልከል ሲሆን፣ ሁለተኛው ያው ክፍል የሚያወጣውን ሙቀት ሳያዘገይ ወደ ብረቱ ማሳለፍ ነው። ችግሩም ሁለቱ ጠባዮች በአንድ ዕቃ ላይ በቀላሉ አለመገናኘታቸው ነው። በመዳብ ውስጥ ኮረንቲንም ሙቀትንም የሚሸከሙት እንደ ልብ የሚዘዋወሩት ኤሌክትሮኖች ስለ ሆኑ፣ መዳብ ሁለቱንም ያሳልፋል። ፕላስቲክ ግን እነዚህ ተሸካሚዎች የሉትም። በእርሱ ውስጥ ሙቀት የሚተላለፈው በአተሞች መንቀጥቀጥ ብቻ ነው፤ ረጃጅሞቹ ሞለኪውሎችም እንደ ተወሳሰበ ፈትል ስለ ሆኑ መንቀጥቀጡ ሩቅ ሳይሄድ ይበተናል። ዋት በሜትር በኬልቪን በተባለው መለኪያ መዳብ 400 ያህል ሲሆን፣ ኤፖክሲ የተባለው ሙጫ 0.2 ያህል ብቻ ነው።

ፋብሪካዎች ያገኙት ዘዴ፣ ኮረንቲን ከልክሎ ሙቀትን የሚያሳልፍ የማዕድን ዱቄት ከፕላስቲኩ ጋር ማቡካት ነው። ከሁሉ ርካሹና በብዛት የሚሠራበት አሉሚና ሲሆን መለኪያው 30 ገደማ ነው፤ ዱቄቱ እጅግ ጠንካራ በመሆኑ ግን የማምረቻውን ቅርጽ ቶሎ ይበላል። አሉሚኒየም ናይትራይድ ከአሉሚና ብዙ ጊዜ ይበልጣል፤ ሆኖም እርጥበት ሲያገኘው ተለውጦ አሞንያ ስለሚያወጣ እያንዳንዱ ቅንጣት አስቀድሞ መሸፈን አለበት። ቦሮን ናይትራይድ በገጹ አቅጣጫ 300 ያህል ይደርሳል፤ ነገር ግን ቅንጣቶቹ እንደ ቅርፊት ጠፍጣፋ ስለ ሆኑ፣ ፕላስቲኩ በግፊት ሲቀረጽ ይተኛሉ፤ ያን ጊዜ ሙቀቱ ወደ ጎን በደንብ ሲሄድ በሽፋኑ ውፍረት በኩል እምብዛም አያልፍም። ቤሪሊየም ኦክሳይድ ከብዙዎቹ የላቀ ነው፤ ዱቄቱ ሳንባን ለከባድ ሕመም ስለሚዳርግ ግን በጥንቃቄ ይሸሻል።

ጥቂት ዱቄት መጨመር የሚሰጠው ጥቅም ትንሽ ነው። እያንዳንዱ ቅንጣት በፕላስቲክ ተከቦ እንደ ደሴት ይቀራልና። ስለዚህ ቅንጣቶቹ እስኪነካኩ ድረስ ዱቄቱ ይበዛል፤ ግንበኛ በትልልቁ ድንጋይ መካከል ጠጠር እንደሚሞላ ሁሉ፣ ትልልቁና ትንንሹ ቅንጣት ይደባለቃል። ያም ሆኖ ሙቀቱ ከአንዱ ቁስ ወደ ሌላው በተሻገረ ቁጥር ወሰኑ ላይ ይገታል። ይህ የወሰን መግታት፣ እ.ኤ.አ. በ1941 በፈሳሽ ሂሊየም ላይ በገለጠው በሩሲያዊው ሊቅ በካፒትሳ ስም ይጠራል። ከዚህም የተነሣ ዱቄቱ 300 ቢሆን እንኳ ውሑዱ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ቁጥሮች አያልፍም። ዱቄቱ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ፕላስቲኩ ይደርቃል፤ ከብረቱ ጋር በሚገባ ስለማይጣበቅም መካከሉ አየር ይገባል። አየር ደግሞ 0.026 ብቻ ስለ ሆነ ከፕላስቲኩም የባሰ ነው።

ያለ ዱቄትም ሙቀት አሳላፊ ፕላስቲክ መሥራት እንደሚቻል ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ፖሊኤትሊንን በጣም ወጥረው እጅግ ቀጭን ፈትል በማድረግ ወደ 104 አድርሰውታል። ይሁን እንጂ ከፈትል ወደ ርካሽ ሽፋን የሚወስደው መንገድ ረጅም ነው።

ነጋዴውን የሚያታልለው በማስታወቂያው ላይ በጉልህ የሚጻፈው ቁጥር ነው። አንድ ካሬ ሳንቲሜትር በሆነ ሽፋን 10 ዋት ሙቀት ያልፋል እንበል። መለኪያው 3 የሆነ ነገር ግን 1 ሚሊሜትር የሚወፍር ሽፋን፣ በሁለቱ ገጾቹ መካከል የ33 ዲግሪ ልዩነት ያመጣል። መለኪያው 1 ብቻ የሆነው፣ 0.1 ሚሊሜትር የሚወፍረው ሽፋን ግን የሚያመጣው 10 ዲግሪ ነው። ይህ የ23 ዲግሪ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ በቻርጀር ውስጥ የሚገኘው ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ነውና። በሌላ በኩል ሽፋኑ በሣሣ መጠን የሚችለው የኮረንቲ ግፊት ያንሳል። ስለዚህ አስመጪው ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ውፍረቱን፣ ቁጥሩ በየትኛው አቅጣጫ እንደ ተለካና ሽፋኑ ስንት ኪሎቮልት እንደሚችል በጽሑፍ ቢጠይቅ መብቱ ነው።

ለአዲስ አበባ ነጋዴ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። ከተማይቱ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ከአምስት እጅ አንዱን ያህል የሣሣ ነው፤ የብረቱን ሙቀት የሚወስደውም ይኸው አየር ነው። በአንዳንድ ዕቃዎች መመሪያ ላይ ከ2000 ሜትር በታች ብቻ እንዲሠራባቸው ተጽፎ የሚገኘው፣ ሣሣ ያለ አየር ኮረንቲንም በደንብ ስለማይከለክል ጭምር ነው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ጉዳዩ የመለዋወጫ ሻጮችንም ይመለከታል። በኤሌክትሪክ መኪና ባትሪና በማቀዝቀዣው ብረት መካከል የሚገባው ሙሊት በዚህ ዱቄት የተቦካ ነው። ባትሪው ለጥገና ተከፍቶ ሙሊቱ ሲነሣ ተራ ሲሊኮን ቢቀባበት፣ ሲሊኮኑ 0.2 ያህል ብቻ ስለ ሆነ ሙቀቱን ያፍናል። በብር ወይም በግራፋይት የተሠራው ቅባት ደግሞ ሙቀቱን ቢያሳልፍም ኮረንቲውንም አብሮ ያሳልፋል። ሦስቱም በጠባብ ቱቦ ተሞልተው በአንድ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጡ በመልክ ስለሚመሳሰሉ፣ ሻጩ የሚለያቸው በቱቦው ላይ የተጻፈውን አንብቦ ብቻ ነው።